ያልተፈቀደ የሕይወት ታሪክ ምንድን ነው?

«ያልተፈቀደ» የሚለው ቃል የሕይወት ታሪኩ ያለ ባለታሪኩ ወይም ያለ ቤተሰቡ ስምምነት እንደተዘጋጀ ይነግረናል እንጂ እውነት ይሁን ውሸት አይነግረንም። ጅማ ውስጥ ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ ሞቲ አባ ጅፋር ወይም ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተጻፈ ነገር በተነሣ ቁጥር ግን ክርክሩ በዚሁ ቃል ይዘጋል። አንዱ «ዘሮቻቸው አልፈቀዱም፤ ስለዚህ አሉባልታ ነው» ይላል። ሌላው «ያልፈቀዱት እውነቱ ስለሚወጣባቸው ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የፈረዱት መጽሐፉን ሳይገልጡ ነው።

ይህ ስሕተት ከጅማ ሰው አፍ ሲወጣ በተለይ ያሳዝናል፤ ያልታጠበ ቡና ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃልና። ያልታጠበ ማለት ቆሻሻ ማለት አይደለም። እሸቱ ሳይፈለፈል በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል የሆነ ማለት ነው። የታጠበውም ስሙን ያገኘው ከሌላው ስለሚነጻ ሳይሆን ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፣ በውኃ ታጥቦ ስለደረቀ ነው። ገዢ «ያልታጠበ ነው» ስለተባለ ጆንያውን ሳይከፍት አይመልስም። ናሙና ይወስዳል፤ እርጥበቱን ይለካል፤ የተበሳውን፣ የጠቆረውን፣ ያልበሰለውን ፍሬ ለቅሞ ይቆጥራል፤ ከዚያ ይቆላል፣ ይቀምሳል። ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ተሰጥቶ፣ በቀን ደጋግሞ እየተገላበጠ፣ ሌሊት እየተሸፈነ የደረቀ ያልታጠበ ቡና ግሩም ይሆናል። መሬት ላይ የተሰጣው ግን የአፈር ጠረን ይይዛል፤ ያንን ጠረን ደግሞ ምንም ቢቆሉት አይለቅም። የታጠበውም ቢሆን ገንዳ ውስጥ ከሰዓቱ በላይ ከቆየ ይኮመጥጣል። የነገሥታት የሕይወት ታሪክም መመርመር ያለበት በዚሁ ዓይን ነው።

ፈቃዱ የሕግ ፈቃድ አይደለም። በአብዛኞቹ አገሮች ስለ ታወቀ ሰው ለመጻፍ ባለታሪኩን ማስፈቀድ ግዴታ አይደለም። ፈቃድ የሚባለው ስምምነት ነው፤ ባለታሪኩ ወይም ቤተሰቡ ደብዳቤውን፣ የዕለት ማስታወሻውን፣ የቤት ሰዎቹን ለጸሐፊው ይከፍታል፤ በምላሹ ብዙውን ጊዜ ረቂቁን ቀድሞ ያያል፣ አንዳንዴም «ይህ ይውጣ» የማለት መብት ያገኛል። ስለዚህ የተፈቀደለት ጸሐፊ ወደ መዝገቡ ይቀርባል፣ ብዕሩ ግን ይታሰራል። ያልተፈቀደለት ብዕሩ ነጻ ነው፣ መዝገቡ ግን ይዘጋበታል። የትኛው የበለጠ እንደሚጎዳ የሚታወቀው መጽሐፉ ሲነበብ ነው።

ሃሮልድ ኒኮልሰን የእንግሊዙን ንጉሥ የጆርጅ 5ኛን ኦፊሴላዊ ታሪክ እንዲጽፍ ሲመረጥ፣ ንጉሣዊውን ቤተሰብ የሚያሳፍር ነገር እንዲተው ከቤተ መንግሥቱ ተነግሮት ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1952 ወጣ። ንጉሡ በ1936 ሲያጣጥሩ ሐኪማቸው ሞርፊንና ኮኬይን ወግቶ ሞታቸውን እንዳፋጠነ፣ ይህንንም ሲያደርግ ዜናው ለጠዋቱ ጋዜጣ እንዲደርስ ጭምር አስቦ እንደነበር፣ ዓለም ያወቀው ግን በ1986 ነው፤ ያውም ከራሱ ከሐኪሙ የግል ማስታወሻ። በወቅቱ ለሕዝብ የተነገረው የንጉሡ ሕይወት በሰላም ወደ ፍጻሜው እየተቃረበ መሆኑ ነበር።

በሌላ በኩል አንድሩ ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ልዕልት ዳያና ያሳተመው መጽሐፍ የቤተ መንግሥት ሐሜት ነው ተብሎ ተወገዘ። ዳያና በ1997 ከሞተች በኋላ ግን ዋናዋ ምንጭ ራሷ እንደነበረች፣ በወዳጇ በኩል የቀረበላትን ጥያቄ በቴፕ እየቀዳች ትመልስ እንደነበር ጸሐፊው ገለጠ። የልዑል ሃሪ ባለቤት ሜጋንም እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ባልና ሚስቱ ለወጣው መጽሐፍ ደራሲዎች ረዳቷ መረጃ እንዲሰጥ መፍቀዷን ረስታው እንደነበር ገልጻ በ2021 ፍርድ ቤቱን ይቅርታ ጠይቃለች። «አልተፈቀደም» የሚለው ጽሑፍ ራሱ የስምምነቱ አካል የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት፤ ምንጩ ቅርብ መሆኑ ገለልተኛ አያደርገውም። ዳያና የምትናገረው ስለሚፈርስ ትዳሯ ነበር። ሕመሟን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በባሏ ልብ ውስጥ የነበረውን ግን ልትገምት እንጂ ልታውቅ አትችልም።

የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን አንድ እጅ የጻፈበትም ጊዜ አለ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፕሮኮፒዮስ የቢዛንቲዩሙን ንጉሠ ነገሥት የዩስቲኒያኖስን ሕንፃዎች እያወደሰ መጽሐፍ ጻፈ፤ በምስጢር ደግሞ ያንኑ ንጉሥ የሚያብጠለጥል ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ ይህኛው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1623 ታተመ። በምስጢሩ መጽሐፍ ንጉሡ ሌሊት ያለ ራስ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሲዘዋወር ታየ የሚል ይገኝበታል። ይኸው ጸሐፊ ስለ አክሱሙ ንጉሥ ስለ ካሌብ የየመን ዘመቻ ከምንጠቅሳቸው ምንጮች አንዱ ነው። ራስ ስላጣው ንጉሥ የጻፈውን አላመንንም ብለን የካሌብን ዘመቻ አንጥልም፤ ዘመቻውን ሌሎች ምንጮችና ጽሑፎች ይደግፉታልና። የቡናው ምሳሌ የማይሠራው እዚህ ጋ ነው። አንድ የገማ ፍሬ ስኒውን ሁሉ ያበላሻል፤ በመጽሐፍ ግን አንድ ውሸት የሚያበላሸው ከዚያው አፍ የመጣውን ሌላ ወሬ እንጂ ሁሉን ገጽ አይደለም። የሚመዘነው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ነው።

አንድ ቦታ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ጃንሆይ ባሳተመው መጽሐፍ የቀድሞ አገልጋዮች በስማቸው ፊደል ብቻ ተጠቅሰው ይናገራሉ። አንዱ፣ ሉሉ የተባለው የጃንሆይ ትንሽ ውሻ በመኳንንቱ ጫማ ላይ ሲሸና በጨርቅ እየጠረግሁ 10 ዓመት አገለገልሁ ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሚጥለው «ስም የለውም» ብሎ ነው። ይህ ደካማ ክርክር ነው፤ በደርግ ዘመን የቤተ መንግሥት ሰው ስሙን የሚደብቅበት በቂ ምክንያት ነበረው። ጠንካራው ፈተና ቋንቋው ነው። ተናጋሪዎቹ ንጉሡን የሚጠሩባቸው የተንዛዙ የማዕረግ ስሞች በአማርኛ አቻ እንደሌላቸው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ራይል ጠቁሟል። አማርኛ አንባቢ ለዚህ ምስክር አያስፈልገውም፤ ዐረፍተ ነገሩን ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ ይመልሰውና ከ«ጃንሆይ» እና ከ«ግርማዊነትዎ» ጋር ያስተያየው። መጽሐፉ ንጉሡ የማንበብ ልማድ እንዳልነበራቸውም ይናገራል፤ በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ያነቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ተከላካዮቹ «ምሳሌያዊ ድርሰት ነው፣ ስለ ፖላንድ ሹማምንት ነው» ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ ቦታው የልቦለድ መደርደሪያ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ማስረጃ ሆኖ መጠቀስ የለበትም።

«ውሸት ቢሆን ኖሮ ይከሱ ነበር» የሚል ተንታኝ አለ። በደንብ ይሰማ፦ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን፤ ንጉሥ ከሳሽ ሆኖ መቅረቡም ብርቅ ነው፤ ችሎት ፊት መቆም ለጥያቄ መጋለጥ ነውና። የሞተ ሰው ደግሞ በእንግሊዝ ሕግ ስሙ ጠፋ ተብሎ ሊከሰስለት አይችልም። በዚያው አገር ስም በማጥፋት የተከሰሰ ሰው የጻፈው እውነት መሆኑን የማስረዳት ሸክም ያለበት ራሱ ነው፤ ኪቲ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ ያወጣችው መጽሐፍ ብሪታንያ ውስጥ ያልታተመውም ይህን ሕግ በመፍራት ነው። ታይላንድ ውስጥ ስለ ንጉሥ ቡሚቦል የተጻፈ ያልተፈቀደ የሕይወት ታሪክ ታግዷል፤ ከፊሉን የተረጎመ ሰውም እ.ኤ.አ. በ2011 ታስሯል። አለመከሰስ የእውነት ማኅተም አይደለም፤ መታገድም የውሸት ማስረጃ አይሆንም።

ታዲያ እንዴት ይነበብ? እርሳስ ይዞ አንድ ምዕራፍ መምረጥ ነው። በእያንዳንዱ አባባል ኅዳግ ላይ ተናጋሪው ራሱ ካየ «ያ»፣ ካየ ሰው ከሰማ «ሰ»፣ ባለቤት የሌለው ወሬ ከሆነ «ይ» (ይባላል)፣ የጸሐፊው ግምት ከሆነ «ግ» ብሎ መጻፍ። በተዘጋ ክፍል ሁለት ሰዎች ብቻ የተባባሉት ቃል በቃል ተጽፎ ከተገኘ፣ ከሁለቱ አንዱ እንዴት እንደተናገረ መጽሐፉ ካላሳየ «ግ» ነው። «በልባቸው እንዲህ አሰቡ» የሚለውም እንዲሁ። ሦስት መጻሕፍት አንድ ነገር ሲሉ ወደ ኋላ መከተል ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ከአንዱ የገለበጡ ናቸው። አንድ ጀንፈል በሦስት ጆንያ ቢከፈል የሦስት እርሻ ምርት አይሆንም።

ከቃል ታሪክ ሥራ የሚመጣ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ እንደ ቀላል የሚታለፈውም ይኸው ነው። ሽማግሌ ሲናገር «ርስቱን ሰጡት አሉ» ይላል። ያ «አሉ» እኔ አላየሁም፣ የሰማሁትን ነው የምላችሁ ማለት ነው። በአፋን ኦሮሞ የሚናገረው የጅማ ሽማግሌም «ጄዸማ» ሲል ያንኑ ጥንቃቄ ያደርጋል። ጸሐፊው ወደ ወረቀት ሲያወርደው ዐረፍተ ነገሩ እንዲያጥር «አሉ»ን ይቆርጠዋል፤ «ርስቱን ሰጡት» ብቻ ይቀራል። ሽማግሌው አልዋሸም፣ ጸሐፊውም ውሸት አልጨመረም፤ «ሰ» የነበረው ግን «ያ» ሆኖ ታተመ። ቡናው አልጋ ላይ ደርቆ ሳለ መጨረሻው ላይ መሬት ነካ ማለት ነው።

ዘመንም እንዲሁ ያሳስታል። በኛና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። የጅማ ቤተ መንግሥት ሙስሊም ስለነበር የሒጅራ ዘመንም ይገባበታል፤ የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ይሸሻል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የዘለቀው የሞቲ አባ ጅፋር ንግሥና በሒጅራ ሲቆጠር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይጨምራል። ዓመቱ አልገጠመም ብሎ ተናጋሪውን ውሸታም ከማለት በፊት አቆጣጠሩን መጠየቅ ይገባል።

አባባልን ከፋፍሎ መመዘንም አለ፤ ፍሬው ለብቻ፣ ገለባው ለብቻ። ደርግ ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በተከተለ ችግር ሞቱ ብሎ አስነገረ። የሹክሹክታው ወሬ ተገደሉ ይል ነበር። አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ በኋላም የደርግ ባለሥልጣናት በግድያቸው ተከሰሱ። ኦፊሴላዊው ቃል ወደቀ፣ ሹክሹክታው ቆመ። ይህ ማለት ግን ማን ትራስ እንደያዘ፣ ማን በር ላይ እንደቆመ፣ ንጉሡ በመጨረሻ ምን እንዳሉ የሚተርከው ሁሉ አብሮ ጸደቀ ማለት አይደለም። «ተገደሉ» ምስክር አለው፤ የመጨረሻው ቃል የራሱን ምስክር ማምጣት አለበት።

ሞቲ አባ ጅፋር ቁመታቸው ከ2 ሜትር በላይ ነበር ይባላል። ማስረጃ ሆነው የሚጠቀሱት አልጋና ወንበር ናቸው፤ የንጉሥ አልጋ ግን ማዕረግን እንጂ ቁመትን አይለካም። ልብስ ከአልጋ ይሻላል፤ ከልብስ ደግሞ ፎቶግራፍ ይሻላል። የጅሬን ቤተ መንግሥት ዛሬም ቆሟል። ንጉሡ ከአንዱ በር ወይም ምሰሶ ሥር የቆሙበት ፎቶግራፍ ከተገኘ፣ ያንኑ በር በሜትር ለክቶ ከፎቶው ጋር በማነጻጸር ቁመታቸውን ማስላት ይቻላል፤ ከበሩ ጋር እኩል ርቀት ላይ መቆማቸውን ማረጋገጥ ብቻ ነው፣ አለበለዚያ ወደ ካሜራው የቀረበ ሰው ረዝሞ ይታያል። እስከዚያው ድረስ በኅዳጉ ላይ የሚጻፈው «ይ» ነው።