ፕሪሎድ ምንድን ነው? ሞላውን ግን አያጠነክረውም

አሁንስ በዛ። ስለ ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ ስለሚነዳው ማሽን) የኋላ ሞላ በተነሳ ቁጥር አንዱ ብቅ ይልና «ከለሰለሰብህ ፕሪሎድ ጨምርበት፣ ሞላው ይጠነክራል» ይላል። ሰሚው አምኖ መፍቻውን ያነሳል፣ እስከ መጨረሻው ያዞራል፣ ከዚያ ማሽኑ ለምን ወገብ እንደሚመታ ግራ ይገባዋል።

ፕሪሎድ ማለት ሞላው ቦታው ላይ ታስሮ፣ ገና ማንም ሳይቀመጥበት፣ አስቀድሞ የታመቀበት ልክ ነው። የሚጠመዘዝ ዓይነት ሞላ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የተጠመዘዘበት ልክ። ማስተካከያውን ስታዞሩ የምትነኩት ይህን መነሻ ብቻ ነው። የሞላው ጥንካሬ በሽቦው ዓይነትና ውፍረት፣ በጥቅልሉ ስፋትና በዙሩ ብዛት ተወስኖ ነው ከፋብሪካ የወጣው። መፍቻ አይደርስበትም።

መሰላል አስቡ። በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት የሞላው ጥንካሬ ነው እንበል። ፕሪሎድ ደግሞ ስንተኛው እርከን ላይ ቆማችሁ መውጣት እንደምትጀምሩ ነው። ከሁለተኛው ጀመራችሁ ከአምስተኛው፣ ቀጣዩ እርከን ያው ያህል ነው የሚርቀው። እርከኑ እንዲራራቅ ከፈለጋችሁ ሌላ መሰላል አምጡ፣ ማለትም ሌላ ሞላ ግዙ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር እርከኑ እየተራራቀ የሚሄድ መሰላልም አለ። እንደዚያ የተሠራ ሞላ ካላችሁ የምለው ነገር ትንሽ ይለወጣል፣ ግን አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ያለው እሱ አይደለም።

በቁጥር እንየው። ለማስላት እንዲመች 1 ሚሊሜትር ለመታመቅ 10 ኪሎ የሚፈልግ ሞላ እንውሰድና 300 ኪሎ ይጫንበት። ፕሪሎዱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ሞላው 20 ሚሊሜትር ይወርዳል። ፕሪሎዱን 20 ብታደርጉት 10 ብቻ ይወርዳል። በሁለቱም ጊዜ ሞላው የተሸከመው ያው 300 ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ሌላ 5 ሚሊሜትር ለማስወረድ በሁለቱም ጊዜ 50 ኪሎ ያስፈልጋል። ታዲያ የጠነከረው የቱ ነው? የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። ሮበርት ሁክ ይህንን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1678 አሳትሞታል፣ አዲስ ነገር እየነገርኳችሁ አይደለም።

«እኔ ግን ስጨምረው እንደጠነከረ ይሰማኛል» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ የሚሰማህ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በዚያው ስሌት ፕሪሎዱን 35 ሚሊሜትር ብታደርሰው ሞላው 350 ኪሎ ይዞ ይጠብቃል። አንተ 300 ይዘህ ስትቀመጥ ንቅንቅ አይልም። ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ገደቡ ላይ እንደተገተረ ይቀራል፣ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ጉብታዎችም በቀጥታ ወገብህ ላይ ይደርሳሉ። ያ ጥንካሬ አይደለም፣ ሞላው ሥራ አለመጀመሩ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ነህ። ከላይ የጀመረ ሰው ያንኑ ያህል እርከን ወጥቶ ከፍ ያለ ቦታ ይደርሳልና፣ ፕሪሎድ ሲጨመር ማሽኑ በትልቅ ጉብታ ከታች የመምታቱ ነገር ይቀንሳል። ሞላውን ከማሽኑ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች የሚሠሩበት ማዕዘንም ከከፍታው ጋር ስለሚለወጥ የሚሰማህ ነገር በመጠኑ ሊለያይ ይችላል። ይህ ግን የክንዶቹ ነገር ነው፣ የሞላው አይደለም።

ስኖውሞቢል ላይ የኋላው ከፍታ ዝም ብሎ ከፍታ አይደለም፣ ክብደት ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። የኋላው ፕሪሎድ ሲያንስ ኋላው ይቀመጣል፣ ስኪዎቹ (ከፊት ያሉት መንሸራተቻዎች) ይቀልላሉ፣ መሪው ይዋልላል፣ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። ሲበዛ ኋላው ይነሳል፣ ክብደቱ ስኪዎቹ ላይ ይወድቃል፣ መሪው ይከብዳል። የመሃሉ ሞላ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ እሱ ሲጨመር ስኪዎቹ ይቀልላቸዋል። ስለዚህ አንዱን ነክታችሁ ሌላውን አትርሱ።

ልኩ የሚታወቀው በሜትር ነው፣ በመቀመጫ ስሜት አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ የኋላ ባምፐሩን ሾኩ (የሞላውን ዝላይ የሚገታው) እስኪዘረጋ ድረስ አንሱ። የጎማ ሰንሰለቱ መሬቱን ነካ ሲያደርግ ከመሬት እስከ ባምፐሩ ለኩ። ከዚያ ነጂው ሄልሜቱን፣ ጫማውን፣ ቦርሳውን ሁሉ እንደሚነዳበት አድርጎ ይቀመጥ፣ ሁለት ሦስቴ ይወዝውዘው፣ ሌላ ሰው እዚያው ቦታ ላይ ይለካ። የሁለቱ ልዩነት ሳግ የሚሉት ነው። ስኪዱ (Ski-Doo) የሚባለው የስኖውሞቢል ብራንድ አንዳንድ መመሪያዎች ከ50 እስከ 75 ሚሊሜትር ይላሉ፤ የእናንተ ማሽን መመሪያ የራሱ ቁጥር አለው፣ እሱን ያዙ። ከዚያ በላይ ከወረደ ጨምሩ፣ በታች ከሆነ ቀንሱ። ባለ ማዕዘን ማስተካከያ ካለው ግራና ቀኙ እኩል ቁጥር ላይ ይሁኑ። ባለ ጥርስ ቀለበት ከሆነ ጥርሱን ከበረዶና ከቆሻሻ አጽዱት፣ ሳታጸዱ ካዞራችሁት ጥርሱ ይበላል። ጣታችሁን ከተጠመዘዘ ሞላ እግር ሥር አታስገቡ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክርክር። ነጂው ተቀምጦ የሳጉ ቁጥር ልክ የመጣው ማስተካከያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ነጂው ይውረድና ማሽኑ ብቻውን ስንት እንደሚወርድ እዩ። ምንም ካልወረደ ሞላው ለእናንተ ደካማ ነው፣ በፕሪሎድ ታፍኖ ነው የቆመው። ጠንካራ ሞላ ለውጡ። በተቃራኒው ማስተካከያው ዝቅተኛው ላይ ሆኖም ቁጥሩ ካልሞላ ለስላሳ ሞላ ያስፈልጋችኋል። ከጉብታ በኋላ ደጋግሞ የሚዘልል ከሆነ ደግሞ ሞላውን ተዉት፣ ችግሩ የሾኩ ነው፤ ዘይቱ ወይም ጋዙ ይታይ።

ፕሪሎድ በእርግጥ የተሠራው ክብደት ሲለዋወጥ ከፍታውን ለመመለስ ነው። ሰው ከኋላ ስትጭኑ ጨምሩ። ሲወርድ ወደነበረበት መልሱት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ጉዞ ብቻችሁን ሆናችሁ መሪው ይከብዳችኋል።