ሺፕ ማድረግ ምንድን ነው? በሳይንስ ፊክሽን ድራማ ሁለት ሰዎችን የሚያጣምራቸውና የሚያራርቃቸው ነገር

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ካፌም ሆነ በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ አንድ ላፕቶፕ ተከቦ ሳይንስ ፊክሽን ሲታይ፣ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ ስለ መርከቡ ፍጥነት አይደለም። የሚፋጠጡት «እነዚህ ሁለቱ ይዋደዳሉ» ባይና «ኧረ ወዲያ፣ የሥራ ባልደረቦች ናቸው» ባይ ናቸው። የመጀመሪያው ወገን የሚያደርገው ነገር ሺፕ ማድረግ ይባላል። በአንድ ድራማ ውስጥ ያሉ ሁለት ገጸ ባሕርያት የፍቅር ጥንድ እንዲሆኑ መመኘት፣ ለዚያም ከትዕይንቱ ማስረጃ እየለቀሙ መሟገት ማለት ነው። ጥንዱ ሺፕ፣ ተሟጋቹ ሺፐር ነው። ድራማው ሁለቱን የግድ ማጣመር የለበትም፤ እንዲያውም ሺፕ የሚደምቀው ገና ሳይጣመሩ ነው።

አጠራሩ የመጣው ከኤክስ ፋይልስ ተመልካቾች ነው። ድራማው በመስከረም 1993 ጀመረ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሞልደር ባዕድ ፍጡራን አሉ ብሎ የሚያምን የኤፍቢአይ መርማሪ ነው፤ ስካሊ ደግሞ ሐኪምና ተጠራጣሪ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢንተርኔት ይወያዩ የነበሩ ተከታታዮች ሁለት ጎራ ሆኑ። ግንኙነታቸው ወደ ፍቅር ይደግ የሚሉት «ሪሌሽንሺፐር» ተባሉ፤ ቃሉ ቆየት ብሎ ተቆርጦ ሺፐር ሆነ። ሌሎቹ ሮማንስ ከገባበት ምርመራው ይበላሻል ብለው ተቃወሙ። የድራማው ፈጣሪ ክሪስ ካርተር ራሱ መጀመሪያ ላይ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር።

ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ስታር ትሬክ ከ1966 እስከ 1969 በ79 ክፍሎች ታይቶ ካበቃ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አድናቂዎች በታይፕ ጽፈው በማባዣ በሚያባዟቸው መጽሔቶች ካፒቴን ከርክንና ስፖክን የሚያጣምሩ ታሪኮች ይጽፉ ነበር። በሁለቱ ስሞች መካከል የሚያስገቡት ያጋደለ መስመር (/) እስከ ዛሬ የጽሑፍ ደንብ ሆኖ ቀርቷል። ስም፣ ያጋደለ መስመር፣ ስም ከሆነ የፍቅር ታሪክ ነው፤ በመካከላቸው የ«እና» ምልክት (&) ካለ ደግሞ ጓደኝነት ብቻ ነው። ይህን ሳያዩ ታሪክ ማንበብ የጀመረ ሰው ያልጠበቀው ነገር ቢገጥመው ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም። ሁለት ስም አዋህዶ አንድ ማድረግም የተለመደ ነው፤ ፍሪንጅ የተባለው ድራማ ተመልካቾች ፒተርንና ኦሊቪያን «ፖሊቪያ» ይሏቸዋል። በድራማው ውስጥ በእርግጥ የሆነው ነገር ካኖን ይባላል። ሁለት ሰዎች በካኖን ካልተጣመሩ ሺፑ የተመልካቹ ነው፤ ቢሆንም ከንቱ ነው ማለት አይደለም።

ሺፕን የሚያቆመው የተዋንያኑ መልክ ነው የሚሉ አሉ። መልክ ለሦስት ክፍል ያህል ይበቃ ይሆናል። ለሰባት ዓመት የሚያቆመው ግን ሁለቱን የሚለያያቸው ነገር ነው። ቃና ላይ ተተርጉመው በሚቀርቡት የቱርክ ድራማዎች ዕንቅፋቱን እናውቀዋለን፤ ሀብት፣ የቤተሰብ ቂም፣ ልጇን የማትለቅ እናት። ሳይንስ ፊክሽን ዕንቅፋቱን የሚያወጣው ከራሱ ዓለም ሕግ ነው። ሕጉ የጠነከረ ሲሆን ሺፑም ይጠነክራል፤ ሕጉ እንደ ልብ ሲለጠጥ ሺፑም ይላላል።

ዕንቅፋቱ አካል ሊሆን ይችላል። በስታር ትሬክ ዲፕ ስፔስ ናይን ውስጥ ኦዶ ቅርጹን የሚለዋውጥ ፍጡር ነው። በየ16 ሰዓቱ ወደ ፈሳሽነት መመለስ አለበት፣ የሚያርፈውም ባልዲ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባውን ኪራን ለዓመታት በዝምታ ይወዳታል። በስድስተኛው ምዕራፍ፣ በ1998፣ ሲጣመሩ ተመልካቹ በደስታ የተቀበለው ያ ሁሉ መጠበቅ ስላለ ነው። በ1999 በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ኦዶ የታመሙትን ወገኖቹን ለማዳን ወደ እነሱ ፈሳሽ ባሕር ይመለሳል። መለያየቱ ከየትም የተጣለ መቅሠፍት አይደለም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተነገረን ማንነቱ የመጣ ነው።

ጊዜም ያለያያል። በዶክተር ሁ ውስጥ ሁለቱም በጊዜ ውስጥ የሚጓዙት ሪቨር ሶንግና ዶክተሩ የሚተዋወቁበት ቅደም ተከተል የተገለባበጠ ነው። በ2008 በተላለፉት ክፍሎች እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኛት እሷ የምትሞትበት ቀን ነው፤ እሷ ሁሉን ታውቃለች፣ እሱ ስሟን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ በተገናኙ ቁጥር ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው የት እንደደረሱ ያመሳክራሉ።

ከሁሉም የረቀቀው ቅጂ ነው፤ በዚህ ፋርስኬፕን የሚያህል የለም። በሦስተኛው ምዕራፍ ጆን ክራይተን ለሁለት ይባዛል። አንዱ ዋናው፣ ሌላው ሐሰተኛ አይደለም፤ ሁለቱም እኩል እሱ ናቸው። ቡድኑ በሁለት መርከብ ሲከፈል የሚወዳት ኤሪን ከአንደኛው ጋር ትሄዳለች፣ ፍቅራቸው ይሞላል፣ እሱም ይሞታል። ከዚያ ወደ ሌላው መርከብ ስትመለስ ያው ፊት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ሰው ቆሞ ይጠብቃታል። ለእሱ ምንም አልተጀመረም፤ እሷ ግን ሐዘን ላይ ናት። በተራ ድራማ ይህን ለመሥራት መንትያ ወንድም ማምጣት ያስፈልግ ነበር፤ መንትያ ወንድም ደግሞ ሌላ ሰው ስለሆነ ያን ያህል አያምም።

ሕግና ሹመትን በተመለከተ ስታርጌት ኤስጂ ዋን ጥሩ ማሳያ ነው። ኮሎኔል ኦኒልና ሳም ካርተር በአንድ የአየር ኃይል ቡድን አዛዥና ታዛዥ ናቸው፤ ደንቡ በመካከላቸው ፍቅርን ይከለክላል። በአራተኛው ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል ላይ እውነትን በሚለይ መሣሪያ ፊት ቀርበው ስሜታቸውን ለመናገር ይገደዳሉ፣ ከዚያም ነገሩ ከተናገሩበት የምርመራ ክፍል እንዳይወጣ ይስማማሉ። በቀጣዩ ክፍል አንድ ቀን እየተደጋገመ ይሽከረከራል። ኦኒል ጊዜው ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገብቶ ይስማታል። ከዚያ ቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እሱ ያስታውሳል፣ እሷ አታስታውስም። ደራሲዎቹ ደንቡን ሳይሽሩ ለተመልካች የሚፈልገውን ሰጡት። በትይዩ ዓለማት ደግሞ ሁለቱን አንድ ጊዜ ተጫጭተው፣ ሌላ ጊዜ ተጋብተው ያሳያሉ። ይህ ዘዴ ርካሽ የሚሆነው ሲደጋገም ነው፤ 214 ክፍል ባለው ድራማ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ መጠቀማቸው አዳናቸው።

ባቢሎን ፋይቭ ላይ ሸሪዳንና ደሌን አሉ። እሱ ሰዎች ሚንባሪ ከተባሉ ባዕድ ፍጡራን ጋር ባደረጉት ጦርነት ትልቅ የጦር መርከባቸውን ያወደመ ሰው ነው፤ በዚያው ጦርነት የሰውን ዘር ሊያጠፋ ሲቃረብ የነበረው ሕዝብ የእሷ ነው፣ ጦርነቱን ያስጀመረው የመጨረሻ ድምፅም የእሷ ነበር። ቆይቶ ሸሪዳን ከሞት ተርፎ ሲመለስ የተሰጠው ዕድሜ 20 ዓመት ብቻ ነው። ቁጥሩ አስቀድሞ በመነገሩ ከዚያ በኋላ አብረው የሚቆሙበት ትዕይንት ሁሉ፣ ስለ ፖለቲካ ሲያወሩ እንኳ፣ ከዚያ ሒሳብ ላይ የሚቀነስ ሆኖ ይታያል።

መሳሳም ራሱን የቻለ ማስረጃ አይደለም። በኅዳር 1968 በስታር ትሬክ ከርክና ኡሁራ ተሳሳሙ፤ ነጭና ጥቁር ሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን መሳሳሙ በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ስለነበር እስከ ዛሬ ይነሣል። በታሪኩ ውስጥ ግን ሌሎች በአእምሮ ኃይል አስገድደዋቸው ነው። የቴሌቪዥን ታሪክ ነው፣ ሺፕ አይደለም።

ታዲያ ምኑ ነው ማስረጃ? ጎንደር ላይ ይህን የንባብ ዘዴ ማስረዳት አይከብድም። የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ፍቺ ይደራርባል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች በፍቺ ቢለያዩም ንባቡን ግን አይነኩትም። ጥሩ ሺፐርም እንዲሁ ነው፤ አንዱን እይታ አንድም ፍቅር፣ አንድም ጭንቀት፣ አንድም የጓድ አደራ ብሎ ይፈታል፣ ያልነበረ እይታ ግን አይጨምርም። ክብደት የሚሰጠው ዋጋ ለተከፈለበት ድርጊት ነው፤ ሹመቱን፣ ተልዕኮውን ወይም ሕይወቱን ለእሷ ብሎ አደጋ ላይ ጥሏል ወይ? ከዚያ ንግግር ይመጣል፣ በተለይ ተጀምሮ የተቋረጠ ንግግር። እይታና አቀራረጽ ከዚያ በታች ናቸው፤ ካሜራ ማን ላይ እንደቆየ የዳይሬክተሩ ውሳኔ ሊሆን ይችላልና። ከሁሉም ደካማው ከትዕይንቱ በስተጀርባ ያለው ሙዚቃ ነው፤ ሙዚቃ ማንንም ከማንም ያፋቅራል። አንድ ትዕይንት ሲያከራክር ከሁለቱ አንዱን አውጡና በቦታው ሌላ የቡድን አባል አስገቡ። ትዕይንቱ ሳይናጋ ከቆመ ማስረጃው የሥራ ባልደረብነት ነው።

የሚበላሽበት መንገድ ብዙ ቢሆንም አንዱ ከሁሉ ይከፋል፤ ያልተዘራን ማጨድ። ስታር ትሬክ ቮያጀር ከ1995 እስከ 2001 ድረስ ከቤታቸው 70,000 የብርሃን ዓመት ርቀው የጠፉ ሰዎችን ታሪክ ተከታተለ። ተመልካቹ ካፒቴን ጄንዌይንና ምክትሏን ቻኮቴን ሺፕ ያደርግ ነበር፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ሁለቱ ብቻቸውን ፕላኔት ላይ የቀሩበት ክፍል ለዚህ ሙሉ ምክንያት ሰጥቶት ነበር። በመጨረሻው ክፍል ግን ቻኮቴ ከሌላዋ የመርከቧ ባልደረባ ከሰቨን ኦፍ ናይን ጋር ተጣምሮ ተገኘ። ቀድሞ የተሰጠው ጉልህ ፍንጭ በዚያው በመጨረሻው ምዕራፍ ሰቨን ምናባዊ ዓለም በሚፈጥረው የመርከቧ ክፍል ውስጥ ከቻኮቴ አምሳል ጋር ፍቅርን የተለማመደችበት ነው። ሰቨን መወደድ ስለማይገባት አይደለም የከሸፈው። በሁለቱ መካከል ዕንቅፋት አልነበረም፣ ዕንቅፋት ስላልነበረም የተሻገሩት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ስሕተት ከፍርሃት ይመነጫል። ደራሲዎች ጥንዱ ከተጣመረ ተመልካች ይሸሻል ይላሉ፤ ምሳሌያቸውም ከ1985 እስከ 1989 የታየው፣ ሳይንስ ፊክሽን ያልሆነው ሙንላይቲንግ ነው። ምሳሌው ጎደሎ ነው። በዚያ ድራማ ላይ ዋናዋ ተዋናይት መንታ ልጆች ወለደች፣ ብሩስ ዊሊስ ወደ ሲኒማ ፊቱን አዞረ፣ በ1988 የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ መጣ፣ ፈጣሪውም ድራማውን ለቆ ሄደ። ይህ ሁሉ ባለበት ጥፋቱን ለመሳሳም መስጠት ግፍ ነው። ፍርሃቱ ኤክስ ፋይልስንም ነካው። በ1998ቱ ፊልም ሞልደርና ስካሊ ሊሳሳሙ ሲሉ ንብ ትነድፋታለች፤ በኅዳር 1999 በአዲስ ዓመት ዋዜማ ትዕይንት ተሳሳሙ፤ ከዚያ በኋላ ግንኙነቱ በአመዛኙ ከካሜራ ውጭ እየሆነ ተመልካቹ በፍንጭ ብቻ እንዲከታተል ተፈረደበት። ስድስት ዓመት ላስጠበቀ ነገር ይህ ስስት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ምክንያቱ ቢሮ ውስጥ ነው። ዲፕ ስፔስ ናይን ላይ ወርፍና ጃድዚያ ዳክስ ተጋብተው ብዙም ሳይቆይ ተዋናይቷ ድራማውን ስለለቀቀች ጃድዚያ በ1998 ተገደለች። ደራሲዎቹ ግን የዓለማቸውን ሕግ ተጠቀሙበት። ጃድዚያ በአካሏ ውስጥ ተሸክማው የኖረችው ሌላ ፍጡር ከነትዝታዋ ኤዝሪ ወደምትባል ሴት ተዛወረና ወርፍ የሚስቱን ትዝታ ከተሸከመች እንግዳ ሴት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ተዋናይ ሲለቅ እንዲህ ማካካስ በሌላ ዓይነት ድራማ አይገኝም።

አንድ ድንበር አለ፤ ሺፕ የገጸ ባሕርያት ነው። ተዋንያኑ የራሳቸው ትዳርና ኑሮ አላቸው፣ የእነሱን ቤት መፈተሽ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጨዋነትም የለውም።

በፍላሽ ተገልብጦ እጅ በእጅ የሚዞር ድራማ ስታዩ ደግሞ፣ አብዛኛው «ይህ ፍቅር ከየት መጣ?» የሚል ግራ መጋባት የደራሲ ጥፋት አይደለም፤ የፎልደር ጉድለት ነው። የኤክስ ፋይልስ ፊልም በአምስተኛውና በስድስተኛው ምዕራፍ መካከል ነው የሚገባው፤ ከሌለ የንቧ ነገር ያመልጣችኋል። ባትልስታር ጋላክቲካ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት የ2003ቱ አጭር ተከታታይ አለው፤ የመርከቡ አዛዥ የአዳማና የፕሬዚዳንቷ የሮዝሊን ነገር የሚጀምረው እዚያ፣ እርስ በርስ ባለመተማመን ነው። የዶክተር ሁ የገና ልዩ ዝግጅቶች ብዙ ጊዜ ከምዕራፎቹ ፎልደር ውጭ ይቀራሉ። የፋርስኬፕ 88ኛ ክፍል፣ የ2003ቱ፣ ጆንና ኤሪን ለመጋባት ቃል በተገባቡበት ቅጽበት ጀልባ ላይ እንዳሉ ተሰባብረው ያበቃል። ድራማው ስለተሰረዘ እንጂ ታሪኩ ስላለቀ አይደለም፤ የቀረው በ2004 በወጣው ባለሁለት ክፍል ማጠቃለያ ውስጥ ነው። ፎልደሩን ስትረከቡ እነዚያ ሁለት ረጃጅም ፋይሎች አብረው መገልበጣቸውን ተመልከቱ።