ጀርም የሚገድል ጨርቅና የጅማ ክረምት

ጅማ ክረምት ጓዙን ጠቅልሎ የሚገባባት ከተማ ናት። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ውሎ አድሮም አይደርቅም። ለቤት ልብስ ችግሩ ሽታ ነው። ለሆስፒታል ጋውን ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ጥጥ እርጥበትና ላብ ይይዛል፣ ባክቴሪያም እዚያው ይራባል።

ፀረ ተህዋስያን ጨርቅ የሚሠራው ይህን ለመቀነስ ነው። ብር፣ መዳብና ዚንክ ኦክሳይድ በብዛት ይገቡበታል። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳንም አለ። ጨርቁ ውህዱ ውስጥ ይነከራል፣ በሮለር ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ውህዱ እንዲይዝ በከፍተኛ ሙቀት ያልፋል።

ቀላሉ ሙከራ ባክቴሪያ የተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል) ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስቀምጦ በ37 ዲግሪ ማሳደር ነው። በጨርቁ ዙሪያ ጥርት ያለ ቀለበት ከታየ፣ ገዳዩ ነገር ከጨርቁ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጨርቁን አጥብቆ የያዘ ውህድ ግን እየሠራም ቀለበት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቆጠራ ያስፈልጋል። አይኤስኦ 20743 እና ኤኤቲሲሲ 100 የሚባሉት መለኪያዎች ለዚህ የወጡ ናቸው። እንደ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ያለ ባክቴሪያ ጨርቁ ላይ ይደረጋል፤ ከሰዓታት በኋላ የተረፈው ይቆጠራል። ከአንድ ሚሊዮን 1,000 ከቀረ 99.9 በመቶው ሞቷል። 1,000ው ግን በሕይወት አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ እጥበቱ ነው። አዲስ ጨርቅ ፈተና ማለፉ ብዙም አይገርምም። ጋውን በሳሙናና በበረኪና ደጋግሞ ይታጠባል፤ በግፊት በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን፣ ኦቶክሌቭ ውስጥም ይገባል። ቆጠራው ከ20 እና ከ50 እጥበት በኋላ መደገም አለበት። ታጥቦ የወጣ ብር ደግሞ ከፍሳሹ ጋር ወንዝ ከገባ የውሃ ውስጥ ሕይወትን ይጎዳል። ጅማን አቋርጦ የሚያልፈውን አዌቱን ማሰብ ነው። ኤን-ሃላሚን የተባለው ውህድ እዚህ ላይ ደስ ይላል፤ ጀርም የሚገድልበት ክሎሪን ሲያልቅ በረኪና መልሶ ይሞላዋል።

ጀርም መግደልና ደም አለማሳለፍ ግን ለየቅል ናቸው። ግድያው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ደም በቅጽበት ያልፋል። ስለዚህ የመከላከያ ልብስ በውሃ ግፊትና በሰው ሠራሽ ደም ለብቻው ይፈተናል።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም፣ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለው። መሐንዲሱ፣ የላብራቶሪ ባለሙያውና ጋውን አጣቢዋ አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። እኔ ብጠየቅ ሙከራውን ሐምሌ ላይ አደርገው ነበር። ጋውኑ በሆስፒታሉ ላውንደሪ ይታጠብ፣ በጅማ እርጥበት ይድረቅ፣ ከዚያ ይቆጠር።