ተካ፦ የሲንጋፖር የህንዶች ሰፈር

በሲንጋፖር በሴራንጉን መንገድ ግራና ቀኝ ያለው የህንዶች ሰፈር ሁለት ስም አለው። ባቡር ጣቢያው ላይ የተጻፈው «ሊትል ኢንዲያ»፣ ትንሿ ህንድ ማለት ነው። ይህ ስም የገነነው ከ1980ዎቹ ወዲህ፣ ቱሪስት ለመሳብ ሲባል ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከደቡብ ህንድ የመጡት የከተማው ታሚሎች ግን ተካ ይሉታል። ለእኛ ጆሮ የአባወራ ስም ይምሰል እንጂ ምንጩ ቻይንኛ ነው፤ በሆክየን ቋንቋ «ከቀርከሃው ሥር» እንደማለት ነው።

ብዙ ጎብኚ እንግሊዞች ህንዶችን ሰብስበው እዚህ ያሰፈሯቸው ይመስለዋል። ከተማዋን በቆረቆረው እንግሊዛዊ በራፍልስ የ1822 ፕላን ለህንዶች የተመደበው ግን በሲንጋፖር ወንዝ ዳር ያለ ሌላ ቦታ ነበር። ወደ ሴራንጉን የሳባቸው ሥራ ነው። መጀመሪያ ጡብና ኖራ የሚቃጠልበት ነበር። ከዚያ ጨፌው ውሃና ሣር ስለማያጣ ከብት ነጋዴዎች በረታቸውን ሠሩበት። ባፋሎ እና ከርባው የሚባሉት ጎረቤታሞች መንገዶች አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በማላይኛ ያው «ጎሽ» ናቸው። ቤሊሊዮስ መንገድም የአንድ አይሁዳዊ ከብት ነጋዴ መታሰቢያ ነው። እረኛውም፣ ወተት ሻጩም፣ ሣር አጫጁም በአብዛኛው ህንዳዊ ነበር፤ ከብቱ ከሰፈሩ ሲወጣ ሰዉ እዚያው ቀረ።

በሴራንጉን መንገድ ላይ ለካሊ አምላክ የቆመው የቪራማካሊያማን ቤተ መቅደስ ከ1881 ጀምሮ ያለ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሰው ይጨናነቅበታል፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ራቅ ብሎ የስሪኒቫሳ ፔሩማል ቤተ መቅደስ አለ፤ ታይፑሳም የተባለው የሂንዱዎች በዓል ሰልፍ የሚነሳው ከዚህ ነው። ምዕመናኑ ግማሾቹ ወተት በራሳቸው ተሸክመው፣ ግማሾቹ ሰውነታቸውን በብረት ወግተው ካቫዲ የተባለውን ከባድ ጌጥ አንግበው 4 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ይጓዛሉ። በደንሎፕ መንገድ ደግሞ በ1910 የተሠራው የአብዱል ጋፎር መስጊድ አለ። ከመግቢያው በላይ ያለው ፀሐይ 25 ጨረር አለው፤ በየጨረሩ ላይ የአንድ ነቢይ ስም ተጽፏል። የሚገርመው፣ በሰፈሩ የጎብኚ ካሜራ ሁሉ የሚዞርበት ባለ ብዙ ቀለም ቤት የህንድ አይደለም። በ1900 የተሠራ የቻይናዊው ነጋዴ የታን ቴንግ ኒያ ቤት ነው።

ለመብላት ተካ ሴንተር ይበቃል። ምድር ቤቱ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልትና የበሰለ ምግብ ነው፤ ፎቁ ሳሪና ልብስ ሰፊ። ቅመም ተራው ውስጥ የገባ ሐበሻ እንግዳነት አይሰማውም፤ እርድ፣ አብሽ፣ ድንብላል፣ ነጭ አዝሙድ፣ ሄል ሁሉም በየጆንያው አለ። ከሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ ተቦክቶ የሚጋገረው ዶሳም የእኛን የቡኮ ጠረን ያስታውሳል። ሬስ ኮርስ መንገድ ላይ ምግብ በሙዝ ቅጠል ይቀርባል፣ በቀኝ እጅ ይበላል፤ የጠገበና የረካ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፋል። እዚያ የሚታዘዘው ዝነኛው የዓሣ ራስ ወጥ ተወላጅነቱ ሲንጋፖር ነው፤ አንድ የደቡብ ህንድ፣ የኬረላ ሰው የዓሣ ራስ የሚወዱ ቻይናውያን ደንበኞቹን ብሎ የጀመረው እንደሆነ ይነገራል።

ዛሬ የሲንጋፖር ህንዶች፣ ከሕዝቡ 9 በመቶ ያህሉ፣ በመላው ከተማ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። መንግሥት ከ1989 ጀምሮ መንግሥት በሠራቸው የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ኮታ ስላወጣ አንድ ወገን ብቻ ተሰብስቦ አይሰፍርም። ተካ እንግዲህ መገበያያና መሳለሚያ እንጂ መኖሪያ መሆኑ ቀንሷል። ይህን ለማየት እሑድ መምጣት ያስፈልጋል። ከህንዷ ታሚል ናዱና ከባንግላዴሽ የመጡ የግንባታ ሠራተኞች ከከተማ ዳር ማደሪያቸው በአውቶቡስ እየወረዱ መንገዱን ይሞሉታል። ገንዘብ ወደ ቤት ይልካሉ፣ ፀጉር ይቆረጣሉ፣ ሣር ላይ ተቀምጠው ከአገራቸው ልጅ ጋር ያወጋሉ።

በዲሴምበር 8 ቀን 2013፣ እሑድ ማታ፣ አንድ ህንዳዊ ሠራተኛ በአውቶቡስ ተገጭቶ ሲሞት 300 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ሁከት ተነሳ። አምቡላንስና የፖሊስ መኪና ተቃጠለ። ሲንጋፖር ከ40 ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየችም ነበር። ይህን ተከትሎ በ2015 የወጣው ሕግ ከምሽቱ 4፡30 በኋላ በአደባባይ አልኮል መጠጣትን በአገር ደረጃ ከለከለ፤ በዚህ ሰፈር ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ይበልጥ ይጠብቃል። ሠራተኞቹ ግን ዛሬም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ አመሻሽ ላይ የመልስ አውቶቡሱን ሰልፍ ይዘው፣ በእጃቸው የሩዝና የሽንኩርት ከረጢት አንጠልጥለው ይቆማሉ።