ኤክስኩዌሪ በብራውዘር ውስጥ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የድረ ገጽ ሥራ ሲጀምር ተማር የሚባለው ያው ጃቫስክሪፕትን ነው። ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ኩባንያ እያለ በአስር ቀን የሠራው ቋንቋ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታውን ሊቀሙት የሞከሩ ግን ነበሩ። አንዱ ከኤክስኤምኤል ፋይል (ዳታን ታግ በሚባሉ የስም ምልክቶች አጥሮ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከሚያስቀምጥ ፋይል) መረጃ ለማውጣት የተሠራው ኤክስኩዌሪ ነው።

ኤክስኩዌሪ በ2007 የድረ ገጽ መስፈርቶችን የሚያወጣው የደብሊው3ሲ መስፈርት ሆነ። ጠባዩ ወደ ዳታቤዝ መጠየቂያው ቋንቋ ወደ ኤስኪውኤል ያደላል፤ የምትፈልገውን ትናገራለህ፣ እንዴት እንደሚገኝ የሚጨነቀው ሞተሩ፣ ማለትም ጥያቄውን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ነው።

የሰሜን ሸዋ ከተሞችን ከነከፍታቸው የያዘ ፋይል አለ እንበል። ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ ለእያንዳንዱ ከተማ፣ ከፍታው ከ2,000 ሜትር ከበለጠ፣ በፊደል ተራ አሰልፈህ መልስ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ይወድቃሉ። መሐል ሜዳ፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን በዚሁ ተራ ይወጣሉ። መልሱ ጥሬ ዳታ ሆኖ አይቀርም፤ እዚያው ጥያቄው ውስጥ የሠንጠረዥ ረድፍ ሆኖ ይሠራል። በዚያን ዘመን በጃቫስክሪፕት ይሄው ሥራ ሉፕ (መደጋገሚያ)፣ ኢፍ (ማጣሪያ)፣ ሶርት (ማሰለፊያ)፣ ከዚያም የገጹን ኤችቲኤምኤል እንደ ተራ ጽሑፍ ቁርጥራጭ መገጣጠም ነበር። ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፦ ሞተሩ ፊደል የሚያነጻጽረው በዩኒኮድ ቁጥር፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል በሚሰጠው ቁጥር ነው። ፋይሉ ላይ «መሐል ሜዳ» ተብሎ ተጽፎ «መሃል ሜዳ» ብለህ ብትፈልግ ወፍ የለም።

አማርኛ በታግ ስም ላይም ተቸግሮ ነበር። ኤክስኤምኤል በ1998 ሲወጣ ለስም የሚፈቀዱትን ፊደላት የወሰደው ከዩኒኮድ 2.0 ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በ1999፣ በ3.0 ነው። ስለዚህ በታጉ ውስጥ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ ታጉን ራሱን «ከተማ» ማለት ግን ስህተት ነበር። በ2004 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.1 ይህን ቢፈቅድም ብዙ ሰው አልተጠቀመበትም። ዋናው መስፈርት፣ 1.0፣ በሩን የከፈተው በ2008 አምስተኛ እትሙ ላይ ነው።

በ2009 ዙሪክ ያለው የኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤክስኪውአይቢ የተባለ ፕለጊን (ብራውዘር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ይዘው ብቅ አሉ። በስክሪፕት ታግ ውስጥ በጃቫስክሪፕት ፋንታ ኤክስኩዌሪ ትጽፋለህ። ቋንቋው ገጹን ይጠይቃል፣ ይቀይራል፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ምን እንደሚደረግ መናገሪያ ሰዋስውም ጨምረውለታል። በእኔ ግምት ሐሳቡ ንጹሕ ነበር። ዳታውም ገጹም ዛፍ ከሆኑ፣ ዛፍ የሚያውቅ ቋንቋ ለሁለቱም ይበቃል።

ግን ማን ፕለጊን ይጭናል? ኋላ ላይ ሞተሩ ራሱ ወደ ጃቫስክሪፕት ተቀየረ፤ ጃቫስክሪፕትን ሊተካ የመጣው በራሱ በጃቫስክሪፕት ጀርባ ታዝሎ ሄደ ማለት ነው። መንዝ ላይ በሞባይል ዳታ ገጽ ለሚከፍት ሰው ደግሞ ያ ሞተር ከገጹ በፊት የሚወርድ ተጨማሪ ሜጋባይት ነው። ጊዜውም አልረዳውም። በዚያው 2009 ደብሊው3ሲ የድረ ገጽን ቋንቋ በኤክስኤምኤል ሕግ ሊያስኬድ የነበረውን የኤክስኤችቲኤምኤል 2ን ሥራ እንደሚያቆም አሳወቀ፣ ዳታውም ከጃቫስክሪፕት ወደ ወጣው የዳታ አጻጻፍ፣ ወደ ጄሰን ጎረፈ። ኤክስኩዌሪ ጄሰንን በደንብ የያዘው በ2017 በ3.1 እትሙ ሲሆን፣ ያኔ ጨዋታው አልቋል።

ሰርቨር ላይ ግን ዛሬም እንጀራ አለው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች የሚመዘግብበት «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት የተገነባው ኤግዚስትዲቢ በተባለ ዳታቤዝ ላይ፣ በኤክስኩዌሪ ነው። ብራውዘር ውስጥ መሥራት ለሚፈልግም ፎንቶኤክስፓዝ የተባለ ሞተር አለ፤ እሱም በጃቫስክሪፕት ላይ ይሮጣል።

ብራውዘር ውስጥ ምንም ሳይጫን የሚገኘው ታላቅ ወንድሙ ኤክስፓዝ ነው፣ ከዛፉ ላይ የሚፈለገውን ክፍል በአድራሻው የሚጠቁመው ቋንቋ፤ ያውም የ1999ኙ 1.0። ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጫን፣ ኤለመንትስ ውስጥ ግባና ኮንትሮል ኤፍ በል። የሚከፈተው መፈለጊያ ኤክስፓዝ ይቀበላል፤ ገጹ አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል።