«ለገጠሩ የጥርስ ወንበር ብንገዛስ?» ለምትሉኝ

ክረምት በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ሰው ነው። «ዶክተር፣ ለትውልድ አካባቢያችን ገንዘብ አዋጥተናል። የጥርስ ወንበር ብንገዛስ?» ይለኛል። ልቡን አከብራለሁ። ጥያቄው ግን ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

«ወንበሩ ከገባ የገጠሩ ጥርስ ይታከማል።» አይታከምም። ወንበሩ ኮምፕሬሰር (መሰርሰሪያውን የሚያሽከረክር አየር የሚያምቅ ሞተር) ይፈልጋል። የማይቆራረጥ መብራት፣ ንጹሕ ውሃ፣ መለዋወጫና የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ባለሙያ ይፈልጋል። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአሜሪካ የተላከ ወንበር አይቻለሁ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እንዲሁ ሰክተውት ኮምፕሬሰሩ በመጀመሪያው ቀን ተቃጥሏል። እኔ ስደርስ ካርቶን ተደርድሮበት ነበር። የዚያኑ ዕለት ጉንጯ ያበጠ እናት መጣች። ተራ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ነርሷን ባትሪ አስይዤ ነው ያከምኳት።

ለገጠር የሚሆን ሕክምና እኮ አለ! በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ ዘዴ ነው። የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ይጠረጋል፤ ቀዳዳው ግላስ አዮኖመር በሚባል መሙያ ይደፈናል። መሰርሰሪያም መብራትም አይፈልግም። ብዙ ጊዜ የማደንዘዣ መርፌ እንኳን አያስፈልገውም። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ። የተቦረቦረው ጥርስ ላይ ሲቀባ ብዙ ጊዜ መበስበሱን ያቆመዋል፤ ቦታውን ግን ያጠቁረዋል፤ ይህን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ግላስ አዮኖመሩንም ፈሳሹንም፣ ፍሎራይድ (ጥርስን ከመቦርቦር የሚጠብቅ ማዕድን) ካለው የጥርስ ሳሙና ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሁሉም አንድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ያዋጣችሁትን ገንዘብ እዚያው ለሚኖር የጤና ባለሙያ ሥልጠና፣ ለመሣሪያ መቀቀያና ለጥቂት ዓመታት አላቂ ዕቃ አውሉት።

«የሕክምና ዘመቻ መጥቶ የታመመውን ጥርስ ሁሉ ቢነቅልስ?» ሕመም ማስታገስ ትልቅ ነገር ነው። ግን ዘመቻው በሦስት ቀን ይሄዳል። በአንዱ ዘመቻ አራት ጥርስ የተነቀለላት ወጣት በኋላ እኔ ጋ መጥታ ነበር። እንደነገረችኝ ሁለቱ አሟት አያውቁም፤ ቀዳዳ ብቻ ነበራቸው። ምናልባት መሞላት ይችሉ ነበር።

ስለ ጥርስ የሚባለውንም እግረ መንገዴን ልመልስ። «ጥርስ የሚበላው ትል ነው።» ትል የለም። አፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ከስኳር አሲድ ይሠራል፤ ጥርሱን የሚቦረቡረው እሱ ነው።

«የላይኛው ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል።» አይጠፋም።

«ሕፃን ሲያስቀምጠው የወተት ጥርሱን ማስወጣት ነው።» በፍጹም! ተቅማጡ ሌላ፣ ጥርሱ ሌላ። ድዱ ተፈልፍሎ የሚወጣው ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። ልጁን ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ይዳርገዋል።

«መፋቂያ ኋላ ቀር ነው።» በደንብ ለተጠቀመበት ያጸዳል። የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው። መፋቂያው ሳይጣል፣ ማታ ማታ በፍሎራይድ ሳሙና መቦረሽ ይጨመርበት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «የዝዋይ፣ የመቂ፣ የወንጂ ሰው ጥርሱ የበለዘው ስለማይፋቅ ነው» ይባላል። ሐሰት ነው፤ ነውርም ነው። በዚህ ምክንያት እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ የማትስቅ ተማሪ አክሜያለሁ። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥቂቱ፣ ያውም ተቦርሾ የሚተፋው፣ ጥርስ ይጠብቃል። በልጅነት ዕለት ዕለት ሲጠጣ የኖረ ብዙ ፍሎራይድ ግን ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲያ ቡሩሽ አያስለቅቀውም። ውሃ ማፍላትም ፍሎራይዱን አያወጣም። እየቆየ አጥንትም ይጎዳል።

እዚያ አካባቢ ጉድጓድ ልታስቆፍሩ ያሰባችሁ ማኅበራት፣ ቧንቧውን ከመመረቃችሁ በፊት የውሃውን ፍሎራይድ አስለኩ። ከወሰኑ ካለፈ ገንዘቡን ከሌላ ምንጭ ውሃ ለመሳብ ወይም ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አውሉት።