አፌሬሲስ ምንድን ነው? ሰፈሩ ሁሉ ደም ሰጥቶም «ፕሌትሌት ያስፈልጋል» የሚባለው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ የጎረቤት ልጅ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ዝም የሚል ሰው የለም። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልእክት ይለቀቃል። የዕድሩ ሰብሳቢ ስልክ ይደውላል። በማግስቱ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ደም ሊሰጥ ወደ መሀል ከተማ ይሄዳል። ሳምንት ሳይሞላው ግን ከሆስፒታል ሌላ ስልክ ይመጣል፤ «ፕሌትሌት ያስፈልጋል» ይባላል። ያኔ ሰው ግራ ይጋባል። «ያ ሁሉ ደም የት ገባ?» ይላል። አንዳንዱም «ሸጡት እንዴ?» ብሎ ይጠረጥራል።

ጥያቄው አያስወቅስም። መልሱን የነገረን ሰው ስለሌለ ነው። መልሱን ለማግኘት ደግሞ አፌሬሲስ የሚባለውን ሕክምና ማወቅ ይረዳል።

አፌሬሲስ ማለት የሰውን ደም በማሽን አሳልፎ፣ የሚፈለገውን ክፍል ብቻ ለይቶ መውሰድና የቀረውን ለባለቤቱ መልሶ መስጠት ነው። ይህ የሚቻለው ደም የብዙ ነገሮች ድብልቅ ስለሆነ ነው። ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ያመላልሳል። ፕላዝማ ቢጫ መልክ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖች ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ፕሌትሌት ወይም ደም አርጊ ሴል ደግሞ የደም ሥር ሲቀደድ ቀድሞ ደርሶ ቀዳዳውን የሚደፍነው ነው።

ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕሌትሌት አለው። ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዘው ልጅ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ሲጀምር ይህ ቁጥር ከ10,000 በታች ሊወርድ ይችላል። ድዱ ይደማል፣ ነስሩ አልቆም ይላል፣ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን በዓይን የማይታየው፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚፈሰው ደም ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች ቁጥሩ 10,000 አካባቢ ሲደርስ ልጁ ገና ሳይደማም ፕሌትሌት የሚያዙት። የተሰጠው ፕሌትሌት ደግሞ ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። መቅኔው አገግሞ የራሱን ማምረት እስኪጀምር ድረስ ደጋግሞ መስጠት ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ሚኒባሱ ሰዎች ልመለስ። የሰጡት ደም ደም ባንክ ሲገባ በየክፍሉ ይለያል። ቀይ ሴሉ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንደ ማቆያው ዓይነት 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል። ፕላዝማው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በላይ ቀዝቅዞ እስከ አንድ ዓመት ይቀመጣል። ፕሌትሌት ግን ቅዝቃዜ አይወድም። ከቀዘቀዘ በኋላ ለበሽተኛ ቢሰጥ ሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል። ስለዚህ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ሳያቋርጥ በሚወዘውዝ ማሽን ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሙቀት ባክቴሪያም ሊራባ ስለሚችል ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን በላይ አይቆይም። ከ5ቱ ቀን ላይም የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ የቂጥኝ ምርመራ የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

እንግዲህ 15 ጎረቤት ማክሰኞ ዕለት ደም ሰጠ እንበል። ቀይ ሴሉ ወር ተሻግሮም ለሌላ ሰው ይደርሳል። ፕሌትሌቱ ግን በሚቀጥለው ሰኞ የለም። ያን ጊዜ ልጁ እንደገና 10,000 ላይ ነው። 15ቱ ሰዎች ደግሞ ሙሉ ደም ለመስጠት ሦስት ወር መጠበቅ አለባቸው። የሸጠም የደበቀም የለም። ሰዉ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ስለሰጠ ነው።

ፕሌትሌት የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከተለመደው የደም ልገሳ ነው። አንድ ሰው ከሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም የሚወጣው ፕሌትሌት ትንሽ ነው። ለአንድ አዋቂ በሽተኛ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ለማግኘት ከ4 እስከ 6 ለጋሽ ያስፈልጋል። ደሙ የተቀዳበት ከረጢትም ለመለየት የሚሆን፣ ሁለትና ሦስት ተያያዥ ከረጢት ያለው መሆን አለበት። በተለምዶው አሠራር ደሙ ፍሪጅ ሳይገባ በ6 ወይም በ8 ሰዓት ጊዜ ውስጥ መለየትም አለበት።

ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ትልቅ ናት። በሰፈራችን ድንኳን ተተክሎ የተሰጠ ደም በቃሊቲና በሳሪስ መንገድ ተጨናንቆ እስኪደርስ ሰዓቱ ሊያልፍ ይችላል። በበረዶ ሳጥን ከሄደም ከፕሌትሌት ተራ ወጥቷል። ድንኳኑ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ቀይ ሴሉ ለምትወልድ እናትና በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ይደርሳል። ፕሌትሌት የሚፈልግ በሽተኛ ካለን ግን እዚያው ማዕከሉ ድረስ ሄዶ መስጠት ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ አፌሬሲስ ነው። ለጋሹ ወንበር ላይ ጋደም ይላል። ከክንዱ የሚወጣው ደም በንጹሕ ቱቦ ማሽን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በፍጥነት እያሽከረከረ ደሙን በክብደቱ ይለየዋል። ወተት ተንጦ ቅቤው እንደሚወጣ ሁሉ፣ ፕሌትሌቱ ወደ ከረጢት ይሄዳል፤ ቀይ ሴሉና አብዛኛው ፕላዝማ ወደ ለጋሹ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በመጨረሻ ከአንድ ሰው ብቻ ለአንድ አዋቂ የሚበቃ ፕሌትሌት ይገኛል። ለበሽተኛውም ጥቅም አለው፤ የስድስት ሰው ነገር ከሚገባበት የአንድ ሰው መሆኑ በተላላፊ በሽታ የመያዝ ዕድሉን ይቀንሳል።

ለጋሹን ምን ይሰማዋል? ደሙ ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ ሲትሬት የሚባል ነገር ይጨመርበታል። እሱ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ለጊዜው ስለሚይዝ ከንፈርና ጣት ላይ የመደንዘዝ ወይም የመንዘር ስሜት ሊመጣ ይችላል። እንደተሰማ ለባለሙያው መንገር ነው። የማሽኑን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ካልሲየም ይሰጣል፣ ስሜቱም ይጠፋል። የወጣው ፕሌትሌት በጥቂት ቀን ይተካል። ቀይ ሴሉ ስለተመለሰለትም ለጋሹ ሦስት ወር መጠበቅ የለበትም፤ አሜሪካን የመሰሉ አገሮች በዓመት እስከ 24 ጊዜ ይፈቅዳሉ።

ማሽኑ እንዴት እንደተፈጠረ ሳነብ ልቤ ተነክቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሉኪሚያ ያለባቸው ሕፃናት የሚሞቱት በአብዛኛው በመድማት ነበር። ዶክተር ኤሚል ፍራይራይክ ፕሌትሌት ሲሰጣቸው መድማቱ እንደሚቆም አሳየ። ችግሩ በቂ ፕሌትሌት ከየት ይምጣ ነበር። ልጁ በሉኪሚያ የታመመበት ጆርጅ ጀድሰን የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ ደምን ሳያቋርጥ የሚለይ ማሽን ለመሥራት ከሐኪሞቹ ጋር ገባበት። ዛሬ ያሉት ማሽኖች የዚያ ሥራ ዘሮች ናቸው።

በዚያው ማሽን ሌላም ብዙ ይሠራል። እጅና እግርን የሚያሰንፈው ጊላን ባሬ የሚባለው በሽታ ሲይዝ፣ ነርቭን የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል ያለበት ፕላዝማ ተወግዶ በሌላ ይተካል። ማያስቴኒያ ግራቪስ ለሚባለው የጡንቻ መዛልም እንዲሁ። ለመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚሆን ግንደ ሴል (የደም ሴሎች መነሻ) ዛሬ በአብዛኛው የሚሰበሰበው አጥንት በመብሳት ሳይሆን፣ ለጋሹ ግንደ ሴሉን ወደ ደም የሚያወጣ መርፌ ለአራት ለአምስት ቀን ከተወጋ በኋላ በአፌሬሲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ካር-ቲ የተባለው የደም ካንሰር የሴል ሕክምናም የሚጀምረው የበሽተኛውን ነጭ የደም ሴል በዚሁ መንገድ በመሰብሰብ ነው።

ማሽኑ ግን ውድ ነው። ለእያንዳንዱ ለጋሽ የሚቀየረው ዕቃም ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ እኛ አገር ሙሉ ደም የሚሰጥ ሰው የማይተካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በቀይ መስቀል የተጀመረው የደም አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሲዛወር፣ ከቤተሰብ ምትክ ይልቅ በፈቃደኛ ለጋሽ ላይ እንዲቆም የተፈለገው አንድም ለዚህ ነው። ሁልጊዜ የሚሰጥ ሰው ከሌለ 5 ቀን የሚቆይ ነገር መደርደሪያ ላይ አይገኝም።

ለዕድር ሰብሳቢዎችና ለግሩፕ አድሚኖች አንድ ልመና አለኝ። ሚኒባሱን አትሙሉት። ፈቃደኛ ሰዎችን መዝግቡና በሦስት በአራት ከፋፍሏቸው። ዛሬ አራት፣ ከሦስት ቀን በኋላ አራት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሌሎች ይሂዱ። ከመላካችሁ በፊት አስታማሚው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የሚፈለገው ቀይ ሴል ነው ወይስ ፕሌትሌት? በሳምንት ስንት ጊዜ? የደም ዓይነቱስ? ጾም ሲገባና ተማሪ ክረምት ሲዘጋ ለጋሽ ስለሚያንስ ተራውን ያኔ ጠበቅ አድርጉት።

የሚሄደው ሰው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝን ይሁን። ቁርሱን በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ይሂድ። ፕሌትሌት ለመስጠት ከሆነ ቢያንስ ላለፉት ሁለት ቀን አስፕሪን ያልወሰደ መሆን አለበት፤ አስፕሪን ፕሌትሌትን ያደክማል። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ በባቡር ስታዲየም ይወርዳል፤ ደም ባንኩ እዚያው አካባቢ ነው። በጠዋት ቢወጣ ይመረጣል፤ ደሙም በጊዜ ይለያል፣ እሱም ከሰዓት በኋላ ያለውን መጨናነቅ ያመልጣል።